ጠብቆና ላልቶ

አክስቴ ቤት አራት ካሜራ ሊሰቅል የመጣው ልጅ መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ «እትዬ፣ እዚህ ጋ ይጠብቁኝ» አላት። ገመድ ከመኪና አውርጄ እስክመለስ ከዚህ አይሂዱ ማለቱ ነበር። አክስቴ ግን መሰላሉን በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ልጁ ገና እግሩን ሳያነሣ እንዳይወድቅ እየጠበቀችው ነው። ቤቱ ሞያሌ ነው፤ በኬንያው ወገን፣ ከድንበሩ ብዙም ሳይርቅ። ልጁ ቡርጂ ነው። ከአክስቴ ጋር በአማርኛ፣ ከረዳቱ ጋር በስዋሂሊ፣ በስልክ ከእናቱ ጋር ደግሞ በራሱ ቋንቋ ያወራል። ይህን ጽሑፍ ማሰብ የጀመርኩት እዚያች መሰላል ሥር ነው።

በዚያች ደቂቃ አንድ ግስ ሦስት ጊዜ ሠራ። ልጁ «ይጠብቁኝ» ሲል ቆዩኝ ማለቱ ነበር፤ አክስቴ «እንዳልወድቅ ተመልከቱኝ» ብላ ሰማችው፤ እጇ ደግሞ ጠበቀ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንድ ቃል ናቸው። ሦስተኛው ፊደሉ አንድ ሆኖ ርባታው ሌላ ነው። በኃላፊ ጊዜ «ጠበቀ» ስንል ዘበኛውም ቋጠሮውም እኩል ይሰማሉ። የሚለያዩት «ይጠብቃል» ላይ ነው፤ ዘበኛው ሲጠብቅ ብ ጠብቆ ይነበባል፣ ቋጠሮው ሲጠብቅ ግን ብ ላልቶ ይነበባል። ስለ መጥበቅ የሚናገረው ቃል ራሱ መላላቱ፣ የአማርኛ አስተማሪያችን ሰሌዳ ላይ ጽፈው ካስነበቡን ቀን ጀምሮ ይደንቀኛል።

ግዕዝ ይህን ሁሉ ለአንድ ግስ አልጫነም። በግዕዝ ጠብቀ የመጣበቅ ቃል ነው፤ ለመጠበቅ ደግሞ ዐቀበ አለው። ዐቀበ በአማርኛ ውስጥ ዛሬም በሕይወት አለ፣ ዐቃቤ ሕግ ላይ። ፍርድ ቤት ገብቶ የተቀመጠ ሰው ልብ ቢል፣ በአንድ ወገን የሚከሰው ዐቃቤ ሕግ፣ በሌላው ወገን የሚከራከረው ጠበቃ ነው። ሁለቱም ስማቸው «ጠባቂ» ነው። አንደኛው በግዕዝ፣ ሁለተኛው በአማርኛ ይጠብቃል።

ታዲያ አማርኛ መቆየትንና መከላከልን በአንድ ግስ መናገርን ከማን ተማረ? ከአክስቴ አጥር ማዶ ያሉት ጎረቤቶች ቦረና ናቸው። በኦሮምኛ «ኤጉ» መጠበቅ ነው፤ ቀጠሮ የያዘን ሰው መጠበቅም፣ ከብትን ከጅብ መጠበቅም በዚሁ ግስ ይነገራል። ከእነሱ ቀጥሎ ሶማሌዎች አሉ። በሶማሊኛ «ሱግ» ቆይ፣ ጠብቅ ማለት ነው፤ የጸጥታ ሥራው ደግሞ «ናበድ ሱጊድ» ይባላል፣ ሰላምን መጠበቅ። ኦሮምኛ «ኢላሉ» ሲል መመልከት ነው፤ ሶማሊኛ ያንኑ ድምፅ «ኢላሊ» ብሎ መጠበቅ ያደርገዋል። አማርኛው ከግዕዙ ተለይቶ ከኩሽ ጎረቤቶቹ ጋር እንዲህ ሲስማማ ሳይ፣ ይህን ትርጉም የተማርነው አንድ መስክ ላይ ከብት ስንጠብቅ ይመስለኛል። ከብት የሚጠብቅ ሰው ሥራው መቆየት ነው። ከሄደ አልጠበቀም። እንግሊዝኛም ዱሮ እንደዚሁ ነበር። «ዌይት» ከሰሜን ፈረንሳይኛ ሲገባ ትርጉሙ ነቅቶ መመልከት ነበር፤ ኋላ ዓይኑ ጠፍቶ መቆየቱ ብቻ ቀረ።

የሚጠብቀው ሰውስ ማን ይባላል? በኢትዮጵያው ወገን ዘበኛ ነው፤ ወታደር ቤት የቆየ ሰው ዋርድያ ይላል። ሶማሌው «ዋርዲዬ» ይለዋል። ዋርድያም ዋርዲዬም ከጣሊያንኛው ጓርዲያ ናቸው። ጓርዲያን ጣሊያኖች ራሳቸው ከጀርመን ነገዶች ነው የወሰዱት፤ የእንግሊዝኛው ጋርድም ከዚያው ምንጭ ተቀድቷል። የኬንያውን ወገን ስንሻገር ግን ዘበኛው «አስካሪ» ይሆናል። ወጣቶቹ «ሶጃ» ይሉታል፣ ከእንግሊዝኛው ሶልጀር።

አስካሪ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ይህች ከተማ ከዚህ ቃል ጋር የተለየ ነገር አላትና። በሐምሌ 1932 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር የእንግሊዙን ሞያሌ ከብቦ ያዘ። ምሽጉ ውስጥ የተከበቡት፣ ኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ የሚባለው ጦር አፍሪካውያን ወታደሮች፣ አስካሪ ነበር የሚባሉት። ከውጭ ሆነው ይከቡ የነበሩት የጣሊያን ቅኝ ወታደሮችም የሚጠሩት በዚሁ ስም ነበር። ምሽጉን እንግሊዞች በየካቲት 1933 ዓ.ም. መልሰው ያዙት። በአንድ ቃል የሚጠሩ ሰዎች በሁለት ባንዲራ ሥር ተታኮሱ። ቃሉ የዓረብኛው ዓስከር፣ ጦር፣ ነው፤ እሱንም ብዙ ሊቃውንት ከፋርስኛው ላሽካር ያመጡታል። ይኸው ዓስከር አማርኛ ውስጥ ሲገባ አሽከር ሆኗል። መጀመሪያ ጌታውን ተከትሎ የሚዘምት ሰው ነበር፤ ቆይቶ ቤት የሚላላክ ታዛዥ ማለት ሆነ። ዛሬ ድንበሩን በእግር የሚሻገር ሰው፣ ከወዲህ ዱላ ይዞ በር የሚጠብቀው አስካሪ፣ ከወዲያ በአያቶቻችን ወግ ውስጥ ውሃ የሚያቀርበው አሽከር፣ አንድ ቃል መሆናቸውን ሳያውቅ ያልፋል።

ልጁ ገመዱን ይዞ ተመለሰ። ካርቶኑ ላይ በእንግሊዝኛ «ሴኪዩሪቲ ካሜራ» ተጽፏል፤ አክስቴ ምን እንደሚል ስትጠይቀኝ «የደኅንነት ካሜራ» አልኳት። «ደኅንነት?» ብላ ትንሽ ቆመች። ገባኝ። በኢትዮጵያ ያደገ የእሷ ዕድሜ ሰው ደኅንነት ሲባል የመንግሥት ሰው ነው ትዝ የሚለው። «እገሌ ደኅንነት ነው» ሲባል ድምፁ ዝቅ ይላል። ለዚህ ቃል እንዲህ መሆን አዝናለሁ፤ ሥሩ እጅግ የከበረ ነውና። በግዕዝ ድኅነ ማለት ዳነ ነው። ከዚህ ግስ ድኅነት ወጣ፣ መድኃኒት ወጣ፣ መድኃኔ ዓለም ወጣ። ጠዋት ጠዋት «ደኅና አደርሽ?» ስንባባል የምንጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ሌሊቱ አድኖሻል ወይ? ደኅንነት በቀጥታ ሲፈታ ደኅና መሆን ነው። የአክስቴ ካሜራ በአማርኛ ስሙ «ደኅና አደራችሁ ወይ?» የሚል ካሜራ ነው።

ይህን እያሰብኩ የቀሩትን የከተማዋን ቋንቋዎች አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው። ኦሮምኛ ጸጥታንና ደኅንነትን «ነጌኛ» ይላል፣ ከ«ነጋ»፣ ሰላም። ቦረና ሲገናኝ የሚጠያየቀው ስለ ነጋ ነው፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ዝናቡ እያነሣ ነጋውን ይመረምራል። ስዋሂሊ «ኡሳላማ» ይላል። ፊት ላይ ያለችውን ኡ ካነሣንላት የሚቀረው «ሳላማ» ነው፣ ሰዎች መንገድ ላይ ሲተያዩ የሚሰጣጡት ቃል፤ ከእኛ ሰላምም ጋር ዘሩ አንድ ነው። ሶማሊኛ ናበድ ሱጊድ ሲል «ናበድ» ያው «ናበድ ሚያ?» ብለው የሚጠያየቁበት ቃል ነው። አራት ቋንቋ፣ አራት የተለያየ ሥር፣ ሁሉም ግን የጥበቃን ቃል ያወጡት ከሰላምታ ነው። ይህን ሳገኝ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ደስታ ነበር። ሮማውያን በሌላ መንገድ ሄደዋል። ሴኪዩሪቲ ከላቲኑ ሴኩሩስ ይመጣል፣ «ያለ» እና «ሐሳብ» ተገጣጥመው፤ ሐሳብ የሌለበት። ሴኪዩሪቲ ያለው ሰው ብቻውን ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ደኅንነት፣ ነጌኛ፣ ኡሳላማና ናበድ ግን ጠያቂ ይሻሉ። አንድ ሰው በር ላይ መጥቶ «እንዴት አደራችሁ?» ካላለ ቃሉ አልተሟላም።

ካሜራ የሚለውንም ቃል ቤት ውስጥ ነው ያገኘሁት። ላቲኑ ካሜራ ጣሪያው የጎበጠ ክፍል ነው፣ ከግሪክኛው ካማራ፤ ጣሊያን ዛሬም መኝታ ቤቱን ካሜራ ይላል። በ11ኛው መቶ ዘመን ካይሮ ውስጥ ብርሃንን የመረመረው ኢብን አል-ሀይሠም በጠባብ ቀዳዳ ብርሃን ስለሚገባበት ጨለማ ክፍል ጽፏል፤ ዓረብኛው «አል-በይት አል-ሙዝሊም» ይለዋል። የግዕዝ ጆሮ ያለው ሰው ትርጓሜ አይሻም፤ በይት ቤት ነው፣ ሙዝሊምም የጽልመት ዘመድ ነው። ቤተ ጽልመት። በ1604 እ.ኤ.አ. ኬፕለር በላቲን «ካሜራ ኦብስኩራ»፣ ጨለማ ክፍል፣ አለው፤ በኋላ ኦብስኩራው ወደቀና ካሜራ ብቻውን ቀረ። ከዚሁ ከክፍል በስፓንኛ ካማራዳ፣ አንድ ክፍል አብሮ የሚያድር፣ ወጣ፤ ከእሱም ኮምሬድ። እኛ ኮምሬድን ጓድ ብለን ተረጎምነው፣ በአብዮቱ ዘመን፣ አብዮት ጥበቃ በየቀበሌው ሌሊት ሮንድ በሚወጣበት ዘመን። ካሜራና ጓድ በትርጉም በኩል ወንድማማች መሆናቸውን ያኔ የሚያውቅ ሰው ነበር ብዬ አላስብም።

ሮንድን ካነሣሁ ሥራው ወደሚገኝበት ቃል ልግባ። በኬንያ ይህን ዕቃ ሁሉም ሰው «ሲሲቲቪ» ይለዋል፤ አዲስ አበባም ይህ ስም ገብቷል። ሲሲቲቪ ማለት ዝግ ዑደት ያለው ቴሌቪዥን ነው። የእንግሊዝኛው «ሰርኪት» በላቲን መነሻው ዞሮ መሄድ ነው፣ ሌሊት ሮንድ የወጣ ሰው ሰፈሩን ዞሮ ወደ ተነሣበት እንደሚመለስ። «ዝግ» የተባለው ምስሉ ከካሜራው ተነሥቶ ወደ ባለቤቱ የቴሌቪዥን መስኮት ብቻ ስለሚመለስ ነው። የቴሌቪዥን ጣቢያ ምስል አየር ላይ ወጥቶ ማንም አንቴና ያለው ይቀበለዋል፤ የዚህ ግን አይወጣም። ከስሙ ውስጥ መነጠል አለ። ቃሉ ሲወለድ ቤቱ ተዘግቶ ነበር።

የተከፈተው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። አክሲስ የሚባለው የስዊድን ኩባንያ በኢንተርኔት የሚታይ የመጀመሪያውን ካሜራ ለገበያ አቀረበ። ስሙን «ኔትአይ» አለው፣ የመረብ ዓይን። ከዚያ ወዲህ ሰዎች ሲሲቲቪ እያሉ የሚገዙት አብዛኛው ካሜራ ዑደቱ ዝግ አይደለም። ምስሉ ከግቢው ወጥቶ፣ ስሙን የማናውቀው አገር ያለ ማሽን ጋ ደርሶ፣ ከዚያ ወደ ስልካችን ይመለሳል። መንገድ ላይ ማን እንደሚያየው ባለቤቱ አያይም። ስሙ ዝግ፣ ዕቃው ክፍት።

በ2016 እ.ኤ.አ. የሆነውን ልጁ መሰላሉ ላይ ሆኖ ነገረኝ፤ ሥራውን የተማረበት ቦታ መጀመሪያ የሚነገራቸው ታሪክ ይህ ነው አለ። ሚራይ የሚባል ፕሮግራም ተለቀቀ፤ በጃፓንኛ ስሙ «መጪው ጊዜ» ማለት ነው። ፕሮግራሙ ፋብሪካዎች ካሜራና መቅረጫ ላይ የሚተዉትን ከ60 በላይ የተለመደ ስምና የይለፍ ቃል ይዞ ዓለሙን በር በር እያንኳኳ ዞረ። ያልተቀየረ የይለፍ ቃል ያገኘበት ሁሉ ገባ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን እነዚያ የተማረኩ ካሜራዎች በአንድነት ዳይን የተባለውን ኩባንያ አጥለቀለቁት፤ ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሰሉ ገጾች ለብዙ ሰዎች ለሰዓታት ጠፉ። የሰዎችን በር እንዲጠብቁ የተሰቀሉ ዓይኖች ነበሩ።

ይህን ስሰማ መጽሐፈ ሄኖክ ትዝ አለኝ። በግዕዝ ብቻ ሙሉ ሆኖ የተረፈልን ይህ መጽሐፍ፣ ከሰማይ ወርደው ስለ ወደቁት ሁለት መቶ መላእክት ይናገራል። ስማቸው ትጉሃን ነው፤ የማያንቀላፉ፣ ነቅተው የሚጠብቁ። ዛሬ በአማርኛ ትጉህ ስንል ሥራ ወዳድ ሰው ነው፤ መነሻው ግን ዓይንን አለመክደን ነው። ፈረንሳይኛው «ሰርቬይላንስ»ም ከመንቃት ነው የወጣው፣ ከላቲኑ ቪጊላሬ። የሄኖክ መጽሐፍ የሚያስፈራኝ እዚህ ላይ ነው፤ የወደቁት የተኙት ሳይሆኑ ትጉሃኑ ናቸው። ቦታቸውን ትተው ስለሄዱ ወደቁ። የሚጠብቅ ነገር ቦታውን ከለቀቀ፣ ዓይኑ ክፍት መሆኑ ለማንም አይበጅም።

አክስቴ ቤት የተሠራው እንግዲህ ይህ እንዳይሆን ነው። አራቱ ካሜራዎች በገመድ ወደ አንድ ስዊች ይመጣሉ፤ መብራታቸውም ምስላቸውም በዚያው በአንድ ገመድ ይሄዳል፣ ገመዱም ከ100 ሜትር አይበልጥም። ስዊቹ መቅረጫው ጋ ይደርሳል። እዚያ ያበቃል። ወደ ኢንተርኔቱ ራውተር የሚሄድ ገመድ የለም። ልጁ እያንዳንዱ ካሜራ ውስጥ ገብቶ «መውጫ» የሚለውን ቦታ ባዶ አደረገው፤ ካሜራው ልውጣ ቢል እንኳ የሚሄድበትን አያውቅም። የይለፍ ቃሎቹንም ሁሉ ለወጠ። የአክስቴ ስልክ ያለበት ዋይፋይ ሌላ ነው፤ ካሜራውን አያውቀውም፣ ካሜራውም አያውቀውም። «ነጠላ ነው» አለኝ ልጁ፣ ለብቻው ነው ለማለት። ነጠላ ሲል አክስቴ ትከሻ ላይ የነበረውን ልብስ አየሁ። ነጠለ፣ ተነጠለ፣ ነጠላ፤ አንድ ግስ ነው። እንግሊዝኛው ለዚህ «አይሶሌትድ» ይላል፣ ከጣሊያንኛው ኢዞላ፣ ደሴት። እነሱ ባሕር ሲያዩ እኛ ልብስ አየን። የእኛን እወደዋለሁ፤ ደሴት ከሰው ያርቃል፣ ነጠላ ግን ሰው የሚለብሰው ነው።

ስዊቹና ራውተሩ አንድ ዕቃ በሚሆንበት ቤት መነጠሉ በትእዛዝ ይሠራል፤ በመካከል ፋየርዎል፣ የእሳት ግድግዳ፣ ይቆማል። ለፋየርዎል አማርኛ ፍለጋ ለሚደክሙ ሰዎች የማቀርበው ቃል አለኝ። ኬላ። ኬላን ከኦሮምኛ ነው ያገኘነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ጅማና ሌሎቹ የግቤ መንግሥታት ዳር ድንበራቸው ላይ በር ነበራቸው፤ ነጋዴ የሚገባውና የሚወጣው በዚያ በኬላው ብቻ ነበር፣ ቀረጥም እዚያ ይከፍል ነበር። የእሳት ግድግዳ ማንንም አያሳልፍም። ኬላ ግን አንዱን ያሳልፋል፣ ሌላውን ይመልሳል፣ ፋየርዎል የሚሠራው ይህንኑ ነው። ሞያሌ ደግሞ ኬላን ከማንም በላይ ታውቃለች። በ1900 ዓ.ም. በምኒልክና በእንግሊዝ ውል ድንበሩ ከተሰመረ ወዲህ በኬላ ነው የኖረችው። ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች መሪዎች የጋራውን የድንበር ጣቢያ ሲመርቁ ተጓዡ በአንድ ቦታ ቆሞ የሁለቱንም አገር እንዲጨርስ ተደረገ።

«የይለፍ ቃል» የሚለውም የኬላ ልጅ ነው። ይለፍ! ዘበኛው ተመልክቶ ለባልደረባው የሚናገረው ትእዛዝ ነው። በአብዮቱ ዘመን መንገደኛ የይለፍ ወረቀት ይይዝ ነበር፤ ማታም ሰዓት እላፊ ነበር፣ እላፊም የዚያው የአለፈ ዘር ነው። በአንድ ሥር የሚሄደውን እናሳልፈዋለን፣ የሚመሸበትን እንይዘዋለን። ኮምፒውተር ሲመጣ ለፓስወርድ ቃል የፈለጉ ሰዎች ሩቅ አልሄዱም።

መረብን ግን እንዲህ በቶሎ አላልፈውም። ኔትወርክን በወጉ አውታረ መረብ እንላለን። አውታር የበገናው ጅማት ነው፤ መረብ ደግሞ የዓሣ አጥማጁ። መረብ በግዕዝ መርበብት ነው፣ ከረበበ፣ ተዘረጋ፣ አንዣበበ። ዝምታ ረበበ ስንል ይህንኑ ግስ ነው የምንጠራው። በኢትዮጵያ ቤቶች በር ላይ፣ በሰውም አንገት ላይ፣ ካሜራ ከመምጣቱ ስንት ዘመን አስቀድሞ የተሰቀለ መረብ ነበር። መርበብተ ሰሎሞን፣ የሰሎሞን መረብ፣ ይባላል። ሰሎሞን አጋንንትን ዓሣ በመረብ እንደሚያዝ የያዘበት ጸሎት ነው፤ ብራና ላይ ተጽፎ፣ ተጠቅልሎ፣ ክታብ ሆኖ ይያዛል። ብራናውን የዘረጋ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ዓይን ነው። ትልልቅ፣ ያልተከደኑ፣ ፊት ለፊት የሚያዩ ዓይኖች በጽሑፉ መካከል ተሥለዋል፤ ክፉውን ዓይን በዓይን የሚመልሱ። መረብና ዓይን። ስዊድኖቹ ካሜራቸውን ኔትአይ ሲሉ፣ አንድ የጎንደር ደብተራ ከእነሱ በፊት ሁለቱን በአንድ ብራና እንዳሰፈራቸው ማን ይንገራቸው። ክታብ የሚጻፈው ለአንድ ሰው ነው፤ የክርስትና ስሙ በውስጡ ይገባል፣ የሚጠብቀውም እሱን ነው። ያ መረብ ከባለቤቱ ወደ ሌላ አይዘረጋም።

ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ። አማርኛው «ሄደ» ይላል፣ እንደ እንግዳ። ስዋሂሊ ተናጋሪው ኬንያዊ መብራትን «ስቲማ» ይለዋል፣ ከእንግሊዝኛው የእንፋሎት ቃል። ሞያሌ ኬንያ ለብዙ ዓመታት መብራቷን ያገኘችው ከኢትዮጵያ ስለሆነ፣ ስቲማው እዚህ ሲሄድ የሚሄደው ከዚያ ነው። ሲመለስ መቅረጫው ላይ ያለው ሰዓት ወደ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2000 ተመልሶ ነበር። የተነጠለ መረብ አንዱ ችግሩ ይህ ነው፤ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ ዕቃ ሰዓቱን ከውጭ ይጠይቃል፣ የተነጠለው የሚጠይቀው የለም። ልጁ ለመቅረጫው አዲስ ባትሪ ገዝቶ መጣ፤ ካሜራዎቹም ሰዓት ከመቅረጫው እንዲወስዱ አደረገ። ዱሮ በነገሥታቱ ቤት ዐቃቤ ሰዓት የሚባል የቤተ ክህነት ሹም ነበር። መቅረጫውን ዐቃቤ ሰዓት ብዬ ጠራሁት፤ ልጁ ወደደው፣ ወረቀት ላይ ጽፎ ለጠፈበት።

ቀጥሎ ጭቅጭቅ ተነሣ። ልጁ «ስንት ሰዓት ላድርገው?» አለ። አክስቴ «ዘጠኝ ሰዓት ነው» አለች፣ ረዳቱም ስልኩን አይቶ «ሳ ቲሳ» አለ፣ በስዋሂሊ ዘጠኝ ሰዓት። መቅረጫው ግን 15:00 ካልተባለ አይገባውም። አማርኛና ስዋሂሊ ቀኑን ከንጋት ይቆጥራሉ፤ ሰዓትና «ሳ»ም አንድ ቃል ናቸው። በዚያ ክፍል ውስጥ ሰው ሁሉ ተስማምቶ አንድ ማሽን ብቻ ሌላ ይቆጥር ነበር። አክስቴ ከመቅረጫው መስኮት ሥር ወረቀት ለጥፋለች፤ «ስድስት ሰዓት ቀንስ» ይላል።

መቅረጫ ያልኩት ዕቃ ለቃል ሰው ጥሩ ዕቃ ነው። መቅረጽ እንጨትና ድንጋይ ላይ የሚደረግ ሥራ ነው። ላቲኑ ግን መዝግቦ መያዝን ከልብ ያመጣዋል፤ ሪከርድ ውስጥ ያለው ኮር፣ ልብ፣ ነው፣ ወደ ልብ መመለስ። አማርኛ ሌላም አለው፣ ቀዳ። ዘፈን ቀዳ፣ ምስል ቀዳ፣ ቅጂ። ግዕዙ ቀድሐ ውሃ መቅዳት ነው። ቦረና ምድር ላይ ይህ ቃል ክብደት አለው። «ቱላ» የሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ውስጥ ሰዎች አንዱ ከሌላው በላይ ቆመው፣ ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ እየሰጡ፣ ከታች ወደ ከብቱ ያወጡታል፤ ተራም አለው። የአክስቴም መቅረጫ ተራ አለው። ካሜራው በሰከንድ 2 ሜጋቢት ቢቀዳ በቀን 21.6 ጊጋባይት ነው፤ አራቱ ሲደመሩ 86.4። አንድ ቴራባይት ዲስክ በአሥራ አንድ ቀን ተኩል ይሞላል፤ በአሥራ ሁለተኛው ቀን አሮጌው እየፈሰሰ አዲሱ ይገባል። አክስቴ ይህን ስትሰማ «እንዲያውም ጥሩ ነው» አለች። የሰው መግባትና መውጣት ዝንተ ዓለም ተይዞ ምን ይሠራል ስትል ነው።

ድምፁን አጠፋነው። ጎረቤቶች አጥር ሥር ቆመው የሚያወሩትን ለመስማት አይደለም የተሰቀለው፤ አክስቴ በዚህ ላይ አላወላወለችም። ልጁ ዕቃውን ሰብስቦ፣ ቡናውን ጠጥቶ ከሄደ በኋላ መስኮቱ ፊት ተቀመጥን። አራት ካሬ፣ አራት የግቢው ማዕዘን። ከላይ በግራ ያለው በሩ ነው። ጥቂት እንደቆየን የአጥር ማዶዋ ቦረና ሴት መጣች። እንደ ልማዷ በሩን ሳታንኳኳ ቆማ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ድምፅ የለም። አክስቴ ግን ከንፈሯን ሳታይ ያወቀችው ነገር ነውና ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብላ «ነጋ፣ ነጋ» አለች። ሴትየዋ አሁንም ቆማለች፣ እየጠበቀች። አክስቴ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ተነሣችና ልትከፍት ወጣች።